ለእማማ ሃሎ የሚሆን ማለስለሻ

ሰው ሲያፍር ስንት ዙሪያ ጥምጥም እንደሚሄድ ማየት የፈለገ ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ ይዋል። በሩን ከፍቶ ገብቶ «ኮንዶም ስጪኝ» የሚል ጀግና በጣት ይቆጠራል። አብዛኛው መጀመሪያ የጉሮሮ ከረሜላ ይገዛል፤ ቀጥሎ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ይመዘናል፤ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራል፤ ሰው ሁሉ እስኪወጣለት ድረስ የጥርስ ብሩሾቹን እያነሳ ይመልሳል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ነገር አለ?» ይላል። ፋርማሲ ውስጥ ደግሞ «ያ ነገር» የማይባል ነገር የለም።

ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ ለምዳዋለች። ደንበኞቿ «ዶክተር» ይሏታል። ዶክተር አይደለችም፤ ግን ማረሙ ስለሰለቻት ትታዋለች። ባሏ በአጭር ሕመም ከሞተ ወዲህ ያልሰለቻት ነገር ብዙም አልነበረም። ታዲያ «ሰለቸኝ» ብላ አታማርርም፣ አትቆጣም፣ አታለቅስም። ጠዋት ተነስታ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ትወጣለች፣ ማታ ተመልሳ ጋውኗን ታጥባለች። ዘመዶቿ «ጠንካራ ናት» ይላሉ። ጥንካሬ እንዳልሆነ እሷ ታውቃለች። የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሆና ነበር፤ የራሷን ከንፈር ብትነክስ እንኳ የሰው ከንፈር ይመስላታል። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም፤ ጠይቆ የሚሰማ ስላልነበረ ሳይሆን የምትናገርበት ጉልበት ስላልነበራት ነው።

ሥራዋ ግን ንቅንቅ አላለም። በተለይ አንድ ልማድ ነበራት። የአልጋ ነገር የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ባንኮኒው ላይ ሰጥታ አትሸኝም። ዞራ ትወጣና የደም ግፊት ከሚለካበት ወንበር አጠገብ ወዳለው ጥግ ትወስደዋለች፣ መጋረጃዋን ትስባለች፣ ከዚያ እንደ መርማሪ ትጠይቃለች። ለማን ነው? ኮንዶም ትጠቀማላችሁ? የሚያቃጥል፣ የሚያሳክክ፣ የሚደማ ነገር አለ? እስካሁን በምን ስትረዱ ነበር? መልሱን ሰምታ የማትስቀው ሙያዋ ስለሆነ ብቻ ነው። ቫዝሊን የሚል አለ፣ የምግብ ዘይት የሚል አለ፣ የሕፃን ቅባት የሚል አለ። አንድ ሙሽራ «ጄል ነው አላሉም እንዴ?» ብሎ የፀጉር ጄል ቀብቶ ሙሽሪትን በሦስተኛው ቀን እናቷ ቤት አስገብቷታል። እሷም በማይለወጥ ድምፅ ታስረዳለች፤ ዘይትና ቫዝሊን የኮንዶሙን ላስቲክ ይበሉታል፣ ሽቶ ያለበት ያሳክካል፣ የምግብ ነገር ለድስት እንጂ ለገላ አይሆንም። ያለ ጥያቄ ሸጣ አታውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታ ያደገች ናት፤ ስለዚህ የደበቀውን እስኪያወጣ ሰው አትለቅም።

ቤት ውስጥ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። እኚህ ሴት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ስለነበሩ ሰፈሩ «እማማ ሃሎ» ይላቸዋል። አሁንም በር ሲንኳኳ «ሃሎ!» ነው የሚሉት፤ ጎረቤቶች ለዚያ ሲሉ ብቻ የሚያንኳኩ ይመስላል። አንድያ ልጃቸው ሲሞት ምራታቸው ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች ብሎ ሁሉም ጠብቆ ነበር። አልሄደችም። እሳቸውም «ሂጂ» አላሏትም። ምራትና አማት እሳትና ጭድ ናቸው የሚል ሰው እነዚህን ሁለቱን አላየም፤ እሳት የሚሆን ነገር በሁለቱም ውስጥ አልቀረም ነበር። አንዷ ሻይ ታፈላለች፣ ሌላዋ ስኒ ታጥባለች። ስለ ሟቹ አያወሩም። በመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ምክንያት ብቻ አልፎ አልፎ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱም ለወጉ ያህል ነው።

ታዲያ የሳሎኑ ሰዓት በየሳምንቱ መበላሸት ጀመረ። እማማ ሃሎ ሰዓቱን በፎጣ ጠቅልለው ከመንገዱ ማዶ ያለችው የመስታወት ኪዮስክ ውስጥ ወደሚሠሩት ሰዓት ሠሪ ይወስዳሉ፣ ተሠርቶ ይመጣል፣ እንደገና ይቆማል። ሰፈሩ ከምራቷ በፊት ገባው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬው ለእሷ የደረሳት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም የነገሯት አማቷ ራሳቸው ናቸው። ሰዓት ሠሪው ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው፣ እንግዲህ ልንጋባ ተባብለናል አሉ። ይህን ሲሉ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያጥፉ ነበር። ምራት «እንኳን ደስ አለዎት እማማ» አለች። ምንም አልተሰማትም፤ ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ፊርማ በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ቀና ስትል አማቷ ወረፋ ይዘው አየቻቸው። ደግሞ ከመጨረሻ። ከፊታቸው የልጅ ጡጦ የሚገዛ ሰውዬና ክራንች የያዘች ሴት ነበሩ። ሌላ ጊዜ ወደ ፋርማሲው ሲመጡ በጎን በኩል ገብተው የእሷ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ጥሩውን ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ቆመዋል። ተራቸው ደረሰ።

«ደህና ዋሉ ዶክተር» አሉ።

ፋርማሲስቷ ትክ ብላ አየቻቸው። ጠዋት በቧንቧው ተጨቃጭቀው «አንቺ ልጅ፣ ውሃ እንደሆነ አያልቅም ብለሽ ነው?» ያሏት ሴት ናቸው።

«ደህና ዋሉ» አለች። «ምን ልታዘዝ?»

«ለአንዲት ወዳጄ ነው። በዕድሜ ገፋ ያለች ናት፣ ካረጠች ቆይታለች። አሁን ልታገባ ነው፤ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። እንዲያው… እንዳያማት የሚሆን ማለስለሻ ነገር አለ ሲሉ ሰምታ፣ እርስዎን ጠይቂልኝ አለችኝ። እርስዎ በዚህ ነገር ሰው አያሳፍሩም ብለዋታል።»

እርስዎ። አሥራ አንድ ዓመት «አንቺ» ካሏት አንደበት ወጥቶ። ነገሩ ወዲያው ገባት። አሮጊቷ ስንት ቀን እንዳሰቡበት ታያት። ቤት ውስጥ፣ ልጃቸው ባደገበት ቤት፣ ለልጃቸው ሚስት ይህን ማውራት አልሆነላቸውም። ሌላ ፋርማሲ ሄደው የማያውቁትን ሰው መጠየቅም አልሆነላቸውም። ስለዚህ ራሳቸውን እንግዳ አድርገው መጡ። ከዚህ በላይ ጨዋነት፣ ከዚህ በላይም ድፍረት የለም።

ዞራ መውጣት ነበረባት። መጋረጃውን መሳብ ነበረባት። «ወዳጅዎን ያቃጥላታል? ትደማለች?» ማለት ነበረባት፤ ክራንች የያዘችው ሴት እንኳ ብትመጣ የማታስቀረውን። አላደረገችም። ጎንበስ ብላ መሳቢያውን ሳበች። ውስጡ አራት ዓይነት ነበር። እጇ ሽታም ቀለምም የሌለውን አለፈ፣ ከላይ ያለውን ቀይ ካርቶን አነሳ፣ በወረቀት ከረጢት ከተተው።

«ይህ ጥሩ ነው» አለች።

«እንዴት ነው አደራረጉ?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

አማቷ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ከተዉ ዓመታት እንዳለፋቸው እሷ ታውቃለች። የመብራት ቤቱን ማስታወቂያ እንኳ የምታነብላቸው እሷ ናት። እማማ ሃሎ ግን «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብለው ከረጢቱን ቦርሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። ከኋላቸው አንድ ሰው ሳል አለብኝ አላት። ደረቅ ነው እርጥብ ብላ ጠየቀችው።

ፊርማው ተፈረመ፤ ጥቂት ሰው ኬክ በላ፤ እማማ ሃሎ አንድ ሻንጣና ያንን በሽተኛ ሰዓት ይዘው ሰዓት ሠሪው ቤት ገቡ። ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ አልቆመም ብለው ጎረቤቶች ሳቁ። ምራት ባዶ ቤት ገብታ መብራቱን አብርታ ተቀመጠች። አልከፋትም። የአማቷን ስኒ አጥባ ደፋች፤ ያልቆሸሸ ስኒ እንደነበረ የገባት ካጠበችው በኋላ ነው። በማግስቱም አጠበችው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ በር ተንኳኳ። እማማ ሃሎ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ምነው እማማ?»

«ናፍቃችሁኝ» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ያለችው አንድ ሰው ናት። «ማን ማን ነን?» ብላ አልጠየቀችም። አልጋቸውን አነጠፈች፣ ሻይ ጣደች። እፎይ ማለቷ ታወቃት፤ የሰው ሙቀት እንደምትለካ ሁሉ ይህንንም ለካችና አለፈችው።

አማቷ ግን የወትሮዋ ሴትዮ አልነበሩም። ሲቀመጡ ቀስ ብለው በአንድ ጎን ነው። ቀን በቀን መታጠቢያ ቤት ገብተው ይቆያሉ። ዳቦ ለመግዛት ሲወጡ በኪዮስኩ በኩል ማለፉን ትተው ሰፈሩን ዞረው ይመለሳሉ። በር ሲንኳኳም ዝም። ጎረቤት «ሃሎ የለም እንዴ ዛሬ?» ቢል መልስ አጣ። ፋርማሲስቷ ሁሉንም አየች። ሌላ ሰው ላይ ብታየው አንድ ቀን አታድርም ነበር። እዚህ ግን ሆድ ይፍጀው አለች። ብትጠይቅ መልስ ይመጣል፤ መልስ ከመጣ አማቷ ይሄዳሉ። ይህን በቃላት አላሰበችውም፤ ዝም ብላ ስኒ ታጥብ ነበር።

አንድ ቀን ፋርማሲው የመጡት ሰዓት ሠሪው ናቸው። ከረሜላ አልገዙም፣ አልተመዘኑም። ሰው እስኪወጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁና ገቡ። ረጅም ናቸው፤ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ሲሉ የዓይን ማጉያቸው በገመዱ ተንጠልጥሎ መስታወቱን ነካው።

በአንድም ነገር አላስከፋኋትም ብዬ ነበር አሉ። ደህና ነበርን። አብረን አበባ ውሃ እናጠጣለን፣ ሬዲዮ እንሰማለን። ከዚያ አንድ ቀን ያቺን መድኃኒት ሞከርን። እሳት እንደነካት ሆነች። ውሃ አመጣሁላት፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሲነጋ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አገኘኋት። ምንም አልፈልግም ብያታለሁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሻይ ከጠጣን ይበቃኛል ብያታለሁ። አትሰማኝም። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ቃላቱን ግን ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ነው ያወጧቸው። ከኪሳቸው የሰዓት መጥረጊያ ጨርቅ አውጥተው ፈቱት። ቀዩ ቱቦ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ መርዝ ነው ወይስ መድኃኒት? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ፋርማሲስቷ ቱቦውን አገላበጠችው። ማንበብ አያስፈልጋትም ነበር፤ ግን አነበበችው። የሚያሞቅ ዓይነት ነው። ሜንቶል፣ የቃሪያ ቅመም፣ ሽቶ፣ ግሊሰሪን የበዛበት። ለወጣት ጥንዶች መጫወቻ ተብሎ የተሠራ፤ እሱንም ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰጥታ አታውቅም። ካረጠች በኋላ ውስጧ የሳሳና የደረቀ ሴት ላይ ምን እንደሚያደርግ ተማሪ ያውቀዋል።

«መርዝ አይደለም» አለች። «ለእሳቸው የሚሆን አልነበረም።»

«ማን ነው የሰጣት?»

«እኔ።»

ሰውየው ጨርቃቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «እንግዲህ አንቺው ንገሪያት» ብለው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ማዘዣ እያነበበች፣ ክኒን እየሰጠች ዋለች፤ አንድም አልተሳሳተችም። ለሁሉም ጠየቀች፤ አለርጂ አለብዎ? ሌላ የሚወስዱት አለ? ለሰው ሁሉ የሚበቃ ጥያቄ ነበራት።

እሑድ ጠዋት አንሶላ ታጥቦ ደርቆ ነበር። አንሶላ ለአንድ ሰው አይታጠፍም፤ ስለዚህ አማትና ምራት ጓሮ ወጥተው ጫፍና ጫፍ ያዙ። ይስባሉ፣ ያራግፋሉ፣ ይጠጋሉ፣ ጫፉን ይቀባበላሉ። ሦስተኛውን አንሶላ ሲዘረጉ ፋርማሲስቷ ጫፉን እንደያዘች ቆመች።

«እማማ፣ ያኔ የመጡ ጊዜ የሰጠሁዎ ነገር ልክ አልነበረም።»

እማማ ሃሎ አንሶላውን አልለቀቁም። «መቼ መጣሁ?» አሉ።

«ወረፋ ይዘው።»

«እህ» አሉ፤ ስልክ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲደርሳቸው እንደሚሉት።

እሷም ነገረቻቸው። የሚያሞቅ ዓይነት እንደነበር፣ ለእሳቸው ገላ እንደማይሆን፣ ለማንም ሰው የምትጠይቀውን ሳትጠይቅ እንደሰጠች። ይህን ሁሉ ስታወራ ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መሰላት። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ የሚቻል ነገር ነው። ግን ቀጠለች።

«አፍሬ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። ማፈርም ነበረበት። ግን ትክክለኛውን እጄ አልፎት ነው የሄደው። ባይሳካልዎ ይመለሳሉ ብዬ ይመስለኛል። ሲመለሱም ደስ ብሎኛል።»

እማማ ሃሎ አንሶላውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት። ሳይታጠፍ፣ እንዲያው ጭብጥ አድርገው። ፊታቸው ላይ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ የመጣው ሌላ ነው።

«እኔኮ ልጄ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ምኑ?»

«ያቃጠለኝ። ልጄ ነው አልኩ። አፈሩ ሳይደርቅ እናቱ ሙሽራ ሆነች ብሎ ተቆጣኝ አልኩ። መታጠቢያ ቤት ተቀምጬ ይቅርታ ስጠይቀው አደርኩ። አንቺ ትሰሚያለሽ? የሞተ ልጄን፣ እንደዚያ ሆኜ፣ ይቅር በለኝ እያልኩ።»

ፋርማሲስቷ መሬቱን አየች። ጓሮው ውስጥ የልብስ መቆንጠጫ ወድቋል፤ አንስታ ገመዱ ላይ ሰካችው። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ሐዘኑ ግን ሩቅ ቆሞ ያያት ነበር፣ አልቀረባትም።

እማማ ሃሎ ተመልሰው ሊገቡ ሄዱ፤ በሩ ላይ ግን ዞሩ። «ነይ ግቢ» አሉ። «አሁን ጠይቂኝ። ለባለ ክራንቿ ሴትዮ እንደምትጠይቂው ጠይቂኝ።»

ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጋረጃ የለም፣ ባንኮኒ የለም። ጠየቀቻቸው። አሁንም ያቃጥላል? ቀንሷል። ሽንት ሲሸኑስ? ትንሽ። ደም አይተዋል? አላዩም። በምን ይታጠባሉ? በሳሙና፣ ደጋግመው፣ እንዲነጻ። እሱን ዛሬውኑ ይተዉት፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይበቃል አለቻቸው። ከዚህ በፊት በምን ይረዱ ነበር? እማማ ሃሎ ወደ መስኮቱ ዞሩና «ከዚህ በፊት የሚረዳ ነገር አያስፈልገኝም ነበር፤ አባቱ እያለ» አሉ። ሁለቱም ለአፍታ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ተዉት።

እሷም አስረዳች። በዚህ ዕድሜ መድረቅ ቅጣት አይደለም፣ ገላው የሚያመነጨው ሆርሞን ስለቀነሰ ነው። መጀመሪያ የተቆጣው ቆዳ ይዳን፤ እስኪድን ምንም አይነካ። ከዚያ ውሃ ላይ የተመሠረተ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ የማያሞቅ የማያቀዘቅዝ ማለስለሻ። ሲገዙት መጀመሪያ ክንድዎ ላይ በውስጥ በኩል ጠብ ያድርጉና አንድ ቀን ይዩት፤ ካላሳከከ ደህና ነው። ሳይሰስቱ ይጠቀሙ፣ ከደረቀ ይጨምሩ። ቶሎ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ሲሊኮን የሚባል ደግሞ አለ፣ እሱ ይቆያል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካመመ፣ ወይ አንድ ጠብታ ደም ካዩ፣ ሐኪም ጋ ነው፤ ካረጡ በኋላ ደም የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ሐኪሙም የሚቀባ ሆርሞን ሊያዝልዎ ይችላል። ደግሞ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ እስከዚያ ኮንዶም።

«ኮንዶም?» አሉ እማማ ሃሎ። «በእኔ ዕድሜ ምን ላረግዝ?»

«ለእርግዝና አይደለም። ሰዓት ሠሪው ከእርስዎ በፊትም ሰው ነበሩ።»

«ሥራሽን ታውቂያለሽ» አሉ። ምስጋና አልነበረም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ ነበር አባቴ። እኔ ሳልናገር ባል ሊቀርብኝ ነበር። አንቺ ሳትጠይቂ።»

በማግስቱ ትክክለኛውን ቱቦ ይዛ መጣች፤ ወረቀቱንም ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ሻንጣቸውን ሲዘጉ አጠገባቸው ቆማ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። የሚገባት ቃል ስለሆነ ነው ያለችው፤ አፏ ውስጥ እንደ ጥጥ ነበር።

እማማ ሃሎ ቀና ብለው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከባሏ ቀብር ወዲህ ሰው እንደዚያ አይቷት አያውቅም።

«ዛሬ አልልሽም» አሉ። «ለይቅርታ ደጅ ይጠናል። ነገ ከሥራ ስትወጪ መጥተሽ ጠይቂኝ።»

ሄዱ። በማግስቱ ፋርማሲስቷ ከሥራ ስትወጣ መንገዱን ተሻግራ ሰዓት ሠሪው ቤት ሄደች። የሚገባትን ቅጣት እንደምትወስድ ሰው ነው የሄደችው። «ሃሎ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ገባች፣ ጠየቀች። «ገና ነኝ» አሉ እማማ ሃሎ፤ «ተቀመጪ፣ ሾርባ አለ።» በበነጋውም ሄደች። ገና ነኝ። ከዚያም ወዲያ። ሰዓት ሠሪው ስለ አንድ የማይታረቅ የኪስ ሰዓት ያወሩላታል፤ እማማ ሃሎ ያቋርጧቸዋል፤ እሷ ሰምታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አንድ ቀን እማማ ሃሎ ዳቦ እየቆረሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያ ያመጣሽው ነገር ደግ ነው» አሉ። ሰዓት ሠሪው ሳህናቸው ውስጥ የጠፋ ብሎን እንደሚፈልጉ ሁሉ አቀረቀሩ። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ፋርማሲስቷም አማቷ ከእንግዲህ እንደማይመለሱ ያን ጊዜ አወቀች። «እሰይ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዝናቡ ገባ፣ ወጣ። ይቅርታው አልመጣም። ጎረቤት ሰምቶ «አሮጊቷ ቂመኛ ኖረዋል ለካ» አለ። እሷም እንደዚያ ማሰብ ጀምራ ነበር።

አንድ ቀን ዕቃ የሚያመጣው መኪና ዘገየና ካርቶን ስትቆጥር አመሸች። መንገዱን ስትሻገር እማማ ሃሎ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው፤ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ሹራብ በትከሻቸው ጥለው፣ ዓይናቸውን ፋርማሲው ላይ ተክለው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ። «ሾርባው ሦስቴ ሞቀ።»

«ሥራ ነው። ብርድ ላይ ምን ያደርጋሉ?» አለች፤ ከዚያ እንደ ወትሮው፣ እንደ ሰላምታ ያህል፣ «እማማ፣ ዛሬስ ይቅር አሉኝ?» አለች።

እማማ ሃሎ ሹራባቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ይቅር ካልኩሽ ነገ ትመጫለሽ?»

ፋርማሲስቷ አፏን ከፈተች። «እመጣለሁ» ብላ መዋሸት ትችል ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ደስተኞች ናቸው፣ እሷ ማን ናት በየቀኑ ወንበር የምትይዝ፣ ይቅርታውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። ያንን ባዶ ቤት፣ ያን ስኒ አሰበችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ዓመት ደንዝዞ የኖረው ነገር ነቃ፤ አመማት፣ በጣም አመማት።

«አልመጣም» አለች።

«እንግዲያው ገና ነኝ» አሉ እማማ ሃሎ፣ በሩንም ከፍተው ያዙላት።